አጋዦች ያልኩት ፎልደር

ጡረታ ስወጣ የሞላሁት የርክክብ ቅጽ ወንበር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ኮምፒዩተር ከነኪቦርዱ አንድ፣ የቢሮ ቁልፍ ሁለት ይላል። የንብረት ክፍሏ ልጅ ቁልፎቹን ተቀበለች፤ ወንበሩን ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር አየችና ፈረመች። ያን ሁሉ ዓመት ስጽፈው የኖርኩት የኮምፒዩተር ሲስተም ግን ቅጹ ላይ መስመር የለውም። «ይሄንንስ የት ላስፍረው?» ብላት «እሱ ደግሞ ዕቃ ነው እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ የሲስተሙን ርክክብ በሌላ ወረቀት እኔው ራሴ አዘጋጀሁት። ያ ወረቀት ነው ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ።

የዲላ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እኔ ለንግድ አልሆንኩም፤ ደንበኛ ሲከራከረኝ ቶሎ ይሰለቸኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩና ቡሌ መደቡኝ። ያኔ ወደ ቡሌ መኪና የሚገኘው ሲቀናችሁ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ በእግር ነው። ቡሌ ደጋ ነው፤ የዲላን ሙቀት የለመድኩ ነኝና ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ደሞዙን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ይቅር።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ወራሳ ይባላሉ። የዚያው የቡሌ ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋም ክረምትም ያንኑ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ። አማርኛቸውን የጌዴኦዎቹ ቋንቋ፣ ጌዴኡፋ፣ ይጫነዋል፤ ወረቀቱም፣ ፋይሉም፣ መደርደሪያውም በእሳቸው አፍ ሁሉም ሴት ነው። የከተማ ልጅ ነኝ ባይ ስለነበርኩ መጀመሪያ መጀመሪያ ጉንጬን ነክሼ እስቅ ነበር። በኋላ እኔም እንደ እሳቸው ማውራት ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ተቀምጠው አያነቡትም። ይዘውት መደርደሪያው ፊት ይቆሙና «ይህቺ ቤቷ የት ነች?» ይሉኛል። ካወቅኩ አስገባታለሁ። ካላወቅኩ «እሺ፣ ነገ ማን መጥቶ ይጠይቃታል?» ይላሉ። የሚጠይቃት ከታወቀ ቤቷም ይታወቃል። የድንበር ክርክር ያለበት ገበሬ ከሆነ የሚጠይቃት፣ በገበሬው ስም ትገባለች። ሁለት ክፍል የሚጠይቃት ከሆነች ዋናዋ አንድ ቦታ ትቀመጣለች፤ በሌላው ቦታ «እዚያ ነች» የምትል ብጣሽ ወረቀት ትገባለች እንጂ ግልባጭ አይገባም። ግልባጭ አይወዱም ነበር። «አንዷን ስታርማት ሌላዋ ሳትታረም ትቀራለች» ይላሉ።

ሌሎች ሁለት አመሎችም ነበሯቸው። አንደኛው፣ ቀንን ብቻውን አይጽፉም፤ የትም ቦታ ከቁጥሩ በፊት ሰኞ፣ ማክሰኞ ብለው ዕለቱን ይጽፋሉ። «ቁጥር ዝም ብላ ትሳሳታለች። ዕለት አጠገቧ ካለች ታጋልጣታለች» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ጠፍታ የነበረች ወረቀት ሌላ ፋይል ውስጥ ስትገኝ እንዲሁ መልሰው አያስገቧትም። ቢጫ ወረቀት ላይ የት እንደተገኘች፣ ማን እንዳሳሳታትና ማን እንደተጎዳ ያሳሳታት ሰው ራሱ ጽፎ ይፈርማል፣ ቢጫዋም ከወረቀቷ ጋር አብራ ትኖራለች። የእሳቸው ፊርማ ያለባቸው ቢጫ ወረቀቶችም ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቤታቸው ያልታወቀኝ ወረቀቶች በዙብኝና አንድ ቦክስ ፋይል አንሥቼ ጀርባው ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኩ። ጠረጴዛዬ ጸዳ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ወራሳ አዩት። አልተቆጡም። ቦክሱን አወረዱና ወለሉ መሃል ዘርግፈው «ተቀመጥ» አሉኝ። ወለሉ ላይ ከተዘረገፉት አንዷ የአንድ ገበሬ ማመልከቻ ነበረች። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ መጥቶ «አልደረሰም» ተብሎ ተመልሷል። ሁለቱንም ጊዜ አልደረሰም ያልኩት እኔ ነኝ።

«ልዩ ልዩ ቤት አይደለችም» አሉኝ ጋሽ ወራሳ። «ጉድጓድ ነች። አሁን ሂድና ለሰውዬው ቤቱ ድረስ ንገረው።»

በጭቃ ሄጄ ነገርኩት። ቢጫዋንም ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ «ልዩ ልዩ» የሚል ነገር በእጄ አልጻፍኩም። በአማርኛ ማለቴ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ዲላ ተዛወርኩ። በሁለት ሦስት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራሁ፤ ከአለቆቼ አንዱ ፋይልን በቀለም ብቻ ለዩልኝ የሚል ሰው ነበር፣ እሱን እግዜር ይየው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ከጸሐፊዎቹ ቀድሜ የተለማመድኩት እኔ ነኝ። በማታው ክፍለ ጊዜ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። በመጨረሻ ስሙን የማልጠቅሰው የጤና መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ገባሁና በኢንተርኔት የሚሠራ የታካሚ ምዝገባና የቀጠሮ ሲስተም እንድጽፍ ተሰጠኝ። አለቃችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን «መቼ ያልቃል?» ከሚል ሌላ ጥያቄ አያውቁም።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ እንዲህ ያለ ሲስተም ከመዝገብ ቤት ብዙም አይለይም። ኮዱ፣ ለኮምፒዩተሩ የምንጽፈው ትእዛዝ ማለት ነው፣ በፋይል፣ ፋይሉ በፎልደር ይቀመጣል። ምዝገባ የራሱ ፎልደር አለው፣ ቀጠሮም የራሱ፣ ሪፖርትም የራሱ። የሚያስቸግሩት ለሁሉም የሚላላኩት ትንንሾቹ ናቸው። አንዷ የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ ቀን ትለውጣለች። ሌላዋ ስልክ ቁጥር ጎድሎ እንደሆነ ታያለች። ሌላዋ የሰው ስም መሃል የገባ ትርፍ ክፍተት ታጠፋለች። እንዲህ ያለ አንድ ሥራ የሚሠራ ቁራጭ ኮድ ክላስ ይባላል፤ እነዚህን አጋዥ ክላስ እንላቸዋለን። የማንም አይደሉም፣ ሁሉም ይጠራቸዋል። ታዲያ የት ይቀመጡ?

እኔ «ሄልፐርስ» የሚል ፎልደር ከፈትኩላቸው። አጋዦች ማለት ነው። በአምስት ፋይል ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ከማያ ገጹ በታች እየወረድን የምንፈልግበት ሆነ። ቀኑም፣ ስልኩም፣ የሪፖርት ሠንጠረዥ የሚያሳምረውም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠርቶ የተረሳውም እዚያው ነው። አጋዥ ነኝ እያለ መረጃ ቋቱ ውስጥ ራሱ ገብቶ የታካሚ መረጃ የሚቀይርም ነበረ፤ እሱ አጋዥ ሳይሆን ሌባ ነው የሚባለው።

አብራኝ የምትሠራው ሰላማዊት ነበረች። እዚሁ ዲላ ተምራ የቀረች፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም እንዲሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ፎልደር እኮ ኮተት ሆነ። በየሥራቸው እንከፋፍላቸው» አለችኝ።

«ምን አስጨነቀሽ? ሰርች ማድረግ ነው» አልኳት። «ኮምፒዩተሩ ይፈልግልሻል፣ እግርሽ አይደክም።»

ያመንኩበትን ነው የነገርኳት። መደርደሪያ የሚያስፈልገው ሰው በእጁ ሲፈልግ ነው፣ ማሽን ካለ ቦታ ምን ይሠራል ብዬ ነበር።

ሰላማዊት የቀጠሮ ወረቀት የሚያትመውን ክፍል ስትሠራ ቀን መለወጫ አስፈለጋት። «ካሌንደር» ብላ ሰርች አደረገች፣ ምንም አልወጣም። የእኔን ክላስ «ዘመን» ብዬ ነበር የሰየምኳት። አጣችና የራሷን ጻፈች። ሥራዋን ስገመግም አየሁት፤ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሆኑ። ያኔ ጋሽ ወራሳ ስለ ግልባጭ የሚሉት ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ይሠራል አይደል? በቃ እዚያው ጣዪው» አልኳትና አለፍኩ።

ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ስህተት ነበረ። መስከረም አንድ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ላይ ይውላል ብለን ነበር የጻፍነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ግን አዲሱ ዓመት በፈረንጆቹ አንድ ቀን ይዘገያል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ኮድ ስንጽፍ ግን ሁለታችንም ረሳነው። ሲስተሙ ሥራ የጀመረው ጳጉሜ አምስት በነበረችባቸው ዓመታት ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ጳጉሜ ስድስት ሆነች። በመስከረም መጀመሪያ አንዲት ነርስ ደውላ «ሪፖርቱ የነገን ቀን እየጻፈ ነው» አለችኝ። «ዘመን» ብዬ ፈለግኩ፣ አንድ ፋይል ወጣልኝ፣ አረምኩት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። አለቃችን ስብሰባ ላይ አስጨበጨቡልኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደረቴን ነፋሁ። ሁለተኛዋ «ካሌንደር» ተብላ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሳትታረም ተቀምጣለች። አንድ ቀን ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ በማግስቱም ስለሚታከም ማንም አልጠረጠራትም።

ጋሽ ወራሳ ያን ጊዜ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመታቸው ነው። ቡሌ ከልጃቸው ከአስቴር ጋር ይኖራሉ፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ጥላ ይለያሉ እንጂ ማንበብ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እኚያ ሰው ሳያነቡ መዋላቸው እኔን ያንገበግበኝ ነበር። ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ለአንድ ቀን ዲላ መጥቶ ሞራ በነፃ ሊገፍ ነው ሲባል ለአስቴር ደወልኩ። ይዛቸው መጣች። መዘገብኳቸው፣ የቀጠሮውን ወረቀት አትሜ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ቡድኑ የላከልን ቀን በፈረንጅ ስለነበር ወደ እኛ የለወጠው ሲስተሙ ነው። ጥቅምት አሥር ይላል።

ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ዕለቷስ ምን ትላለች?»

«ዕለት የለውም አባባ፣ ቀኑ ብቻ ነው» አለች አስቴር።

«ለምን?»

ሳቅኩ። «ጋሽ ወራሳ፣ ይሄ እኮ ኮምፒዩተር ነው። እንደኛ አይሳሳትም» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

ሐኪሞቹ የመጡት ጥቅምት ዘጠኝ፣ ዓርብ ነው። ብዙው ሕዝብ በየቀበሌው በቃል ተነግሮት ስለነበር ግቢው ሞልቶ ዋለ፤ በእኛ ወረቀት የተቀጠሩት ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። እኔ ያን ዕለት አሪቻ የምትባል ገጠር ነበርኩ፣ የአንድ ጤና ኬላ ኮምፒዩተር ልጠግን። የገዛ ሲስተሜን አምኜ ሕክምናው ነገ ነው ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢው ስገባ ድንኳን ይፈርሳል። ጋሽ ወራሳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ የአስቴርን ክንድ ይዘው ቆመዋል። ከቡሌ የተነሡት ገና ሳይነጋ ነው። ዘበኛው «ትናንት ነበር እኮ አባቴ፤ ዛሬማ በጠዋቱ ሄዱ» ይላቸዋል።

አስቴር አየችኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ጥቅምት አሥር አይልም? ዛሬ አሥር አይደለም?»

«አሥር ነው» አልኳት። ወደ ቡድኑ አስተባባሪ ስደውል ወደ ሌላ ዞን እየሄዱ ነበር፣ ዝርዝራቸው ሞልቷል። «ሐኪሞቹ ቀን ሳይቀይሩ አይቀርም» አልኩ። ጋሽ ወራሳ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው «እሺ፣ ወረፋችን ሌላ ጊዜ ነች ማለት ነው» አሉ። አፈርኩ፤ ለምን እንዳፈርኩ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ወረቀቱን የሚያትመውን ኮድ ከፈትኩ፣ «ካሌንደር»ን እየጠራ አገኘሁት። ሰላማዊት ከኋላዬ ቆማ አነበበች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች፣ እንባዋ መጣ።

«ሁለት መሆናቸውን አይቶ እዚያው ጣዪው ያለሽ ማነው?» አልኳት።

በማግስቱ ቡሌ ወጣሁ። መንገዱ ዛሬም ያው ነው፤ ሚኒባሱ መሃል ላይ አውርዶን የቀረውን በእግር ሄድኩ። ጋሽ ወራሳ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐኪሞቹ ቀን እንዳልቀየሩ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ። ስጨርስ ጠየቁኝ፦

«ሁለተኛዋ የት ነበረች?»

«ከመጀመሪያዋ ጋር፣ አንድ ፎልደር ውስጥ።»

«ፎልደሯ ስሟ ማነው?»

«ሄልፐርስ።»

«በአማርኛ?»

«አጋዦች።»

«የምን አጋዦች?»

የቀን አጋዥ፣ የስልክ አጋዥ፣ የስም አጋዥ፣ የሪፖርት አጋዥ እያልኩ ልቆጥር ጀመርኩና አቆምኩ።

«ልዩ ልዩ ብለህ ነው የጻፍከው» አሉኝ። ድምፃቸው ያው የድሮው ነው፣ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምነኛ በወደድኩ!

ሐዋሳ ሆስፒታል ወስጄ በክፍያ ላሳክምዎ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ለእኔ ብለህ ዕዳ ውስጥ አትግባ፤ ሐኪሞቹ ሲመጡ እሄዳለሁ» አሉ። አስቴርም ለመነቻቸው፣ ሰው ሽማግሌ ሲሆን ግትር ነው። እኔም ደጋግሜ አልለመንኳቸውም፤ ሥራ በዛብኝ።

ሥራው ያው ፎልደሩ ነበር። ሰላማዊትና እኔ የሁሉንም አጋዥ ክላስ ስም በብጣሽ ወረቀት ጻፍንና ቢሮው ወለል ላይ ዘረጋነው። አለቃችን በር ላይ ቆመው «መቼ ያልቃል?» አሉ። አንድ በአንድ እያነሣን «ይህቺን ማን ይጠራታል?» ተባባልን። የሪፖርት ክፍል ብቻ የሚጠራት ሪፖርት ፎልደር ውስጥ ገባች። ብዙ ክፍል የሚጠራት ከሆነች በምትነካው ነገር ስም ቤት ተሰጣት፦ ቀን፣ ስልክ፣ ስም። ማንም የማይጠራትን ሰረዝናት። መረጃ ቋት ውስጥ የሚገባውን ሌባም ከአጋዥነት አባረርነው። ሁለቱ ቀን መለወጫዎች አንድ ሆኑ። የቀጠሮ ወረቀቱም ከቁጥሩ በፊት ዕለቱን መጻፍ ጀመረ። በመጨረሻ «ሄልፐርስ» ባዶዋን ቀረች፣ ሰላማዊት እንድታጠፋት ለቀቅኩላት።

ከፋሲካ በኋላ አስቴር ደወለች። «አባባ ቀኝ ዓይናቸውን በጣም ያማቸዋል፣ ራሳቸውን ይዘው ያድራሉ» አለች። በዚያው ቀን ሐዋሳ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሞራው በስሎ የዓይናቸውን ግፊት ከፍ አድርጎታል፣ ነርቩን ጎድቶታል አለችን። ግራው ይድናል፣ ቀኙ ግን አይመለስም። ከስድስት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮ ሁለቱም ይድኑ ነበር አለች። ስድስት ወር ወደ ኋላ ስቆጥር ያች ጥቅምት ላይ ደረስኩ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። አስቴር አየችኝ፣ ፊቷን አዙራ ወደ አባቷ ተመለሰች፤ ያ ከስድብ ባሰብኝ።

ግራ ዓይናቸው ዳነ። ዛሬ ወረቀት አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያነባሉ።

ጡረታዬ ሲደርስ ያን የሲስተሙን ርክክብ ወረቀት ጻፍኩ። ፎልደሮቹ በተርታ፣ እያንዳንዷ አጋዥ ክላስ ቤቷ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠራት። ለሰላማዊት ከመስጠቴ በፊት ቡሌ ይዤው ወጣሁ። መሞገስ ፈልጌ ነበር፣ መደበቅ አያስፈልገኝም። ጋሽ ወራሳ ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጊዜ ወሰደባቸው።

«ጥሩ ነች» አሉ። ገልብጠው ጀርባዋን አዩ። «ቢጫዋስ?»

«የቷ ቢጫ?»

«ቀን የምትለዋ ፎልደር ውስጥ የምትገባው። ስንቱን ስታስቀምጥ ቢጫዋን የት አደረግካት?»

ለሁሉም ቤት ሰጥቻለሁ፣ ለዚያ ጥፋት ብቻ አልሰጠሁም። ሰላማዊት ታውቃለች፣ አስቴር ታውቃለች፣ እሳቸው ያውቃሉ። እኛ ስናልፍ የሚመጣው ሰው ግን አያውቅም፤ ነገ ሌላ ቀን መለወጫ ጽፎ አጠገቧ ቢያስቀምጥ የሚያስቆመው ነገር የለም። «ልጻፈው?» አልኳቸው፣ እንደ ሕፃን። «ስሜንም ጻፍ፤ ማን እንደተጎዳ ይጻፋል» አሉኝ።

ዲላ ተመልሼ ቢሮ ገባሁ። ወንበሩንም ኮምፒዩተሩንም አስረክቤ ስለነበር የእኔ አልነበሩም። ሰላማዊት ተነሥታ አስቀመጠችኝ። ቀን የሚለውን ፎልደር፣ ውስጡም ያለችውን ክላስ ከፈትኩና ማሽኑ አልፎት በሚሄደው፣ ሰው ብቻ በሚያነበው ቦታ ከራስጌዋ ጻፍኩ፦

«ይህች ክላስ ሁለት ነበረች። ሁለት መሆኗን አይቼ ተውኳት። አንዷን ሳርም ሌላዋ ሳትታረም ቀረች፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት የቀጠሮ ወረቀት በአንድ ቀን አሳሳተች። አቶ ወራሳ የሚባሉ የቡሌ ሰው ወረቀቷን አምነው መጡ፣ ሐኪም አጡ፣ ቀኝ ዓይናቸውን አጡ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቀን መለወጫ አትጻፉ።»

ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ። ሰላማዊት ከኋላዬ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ዕለቱን አልጻፉም» አለችኝ።

ከቁጥሩ በፊት ሰኞ ብዬ ጨመርኩበት፣ ወንበሩንም ለቀቅኩላት።